ዋስ የሚሆን ሰው

«ቤት ውስጥማ ማን አለኝ ብለህ ነው? ማንም የለኝም እኮ!» አሉ አቶ ተክለሃይማኖት በስልክ። ታናሽ እህታቸው በላይነሽ ከቺፑዱ ግድግዳ ማዶ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ካልሲዋን እያጠለቀች ነበር። አንዱን አጥልቃ ሌላውን በእጇ እንደያዘች ቀረች። አቶ ተክለሃይማኖት ስልክ ሲያወሩ እንኳን ቤተሰቡ ኮልፌ በሙሉ ቢሰማ ግድ የላቸውም፤ ጡረታ የወጣ ሰው ድምፁን የሚቆጥብበት ምክንያት የለውም። ሳምንቱን ሙሉ እንዲህ ነው የከረሙት። ልጃቸው ራዕይ በኢንዱስትሪ ምህንድስና ተመርቃ ሁለት ዓመት ቤት ከተቀመጠች በኋላ፣ ከአየር ጤና ወዲያ ያለ አንድ የብስኩት ፋብሪካ በምርት ቁጥጥር ረዳትነት ልቅጠርሽ ብሏታል። ነገር ግን ዋስ አምጪ ብሏታል። ዋሱ ደግሞ የወር ደመወዝ ያለው፣ መሥሪያ ቤቱ «አዎ፣ የእኛ ቋሚ ሠራተኛ ነው» ብሎ በማኅተም የሚጽፍለት ሰው መሆን አለበት። የመጨረሻው ቀን ዛሬ ሐሙስ ነው። ጉምሩክ ያለው የአጎታቸው ልጅ ለሌላ ሰው ዋስ ሆኛለሁ አለ። ባንክ የሚሠራው የሚስታቸው ወንድም ሚስቴ አልፈቀደችም አለ። አንዱ ደግሞ «ፊልድ ነኝ» ብሎ ስልኩን ዘጋ፤ ከኋላው ግን የገዛ ሚስቱ ልጆቹን ስትቆጣ ይሰማ ነበር። እርግጥ አይፈረድባቸውም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ እየተባለ ባደገ ሕዝብ መሃል፣ በሌላ ሰው ጠባይ ላይ ደመወዙን አስይዞ የሚፈርም ጀግና ከየት ይመጣል?

በላይነሽን ያንገበገባት የዘመዶቹ መሸሽ አልነበረም። እሷ ራሷ ከአሥር ዓመት በላይ በአንድ የፕላስቲክ ፋብሪካ የምርት ቁጥጥር ረዳት ሆና ሠርታለች። ራዕይ ልትቀጠርበት የታሰበው የሥራ መደብ ስሙ ሳይቀር የእሷ ነው። የቤቱን መብራት የምትከፍለው እሷ ናት፤ ዘይት ሲጠፋ ከሠራተኛ ማኅበሩ ሱቅ ተሸክማ የምትመጣው እሷ ናት። ዋስ ሲፈለግ ግን አንድም ሰው ዞር ብሎ አላያትም። ወንድሟ ክፉ ሰው ሆነው አይደለም። አባታቸው ሲሞቱ ያሳደጓት እሳቸው ናቸው፤ ያሳደጉት ሰው ደግሞ ቢሸብትም ያደገ አይመስልም። በዚያ ላይ ዕድሜያቸውን በመንግሥት መሥሪያ ቤት ስለጨረሱ፣ ማኅተም መሃሉ ላይ የመንግሥት ስም ከሌለው ማኅተም አይመስላቸውም። የግል ፋብሪካ ደብዳቤ ለእሳቸው ከሱቅ ደረሰኝ አይሻልም። ሚስታቸው መሲ ደግሞ ሰው ስለ በላይነሽ ሥራ ሲጠይቃት «ሰሌዳ ላይ ትጽፋለች» ነው የምትለው።

በላይነሽ ሳሎን ስትገባ ወንድሟ ስልካቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ምንጣፉን ያያሉ። ሳሎኑ ጠባብ ነው፤ ሦስት ሶፋ ገብቶበት ሰው በጎኑ ነው የሚያልፈው። ግድግዳው ላይ ራዕይ በጥቁር ጋዋን የተነሳችው ፎቶ ከአባታቸው ፎቶ ይበልጣል፤ ፍሬሙን ለማሠራት የወጣውን ገንዘብ መሲ እስካሁን ታነሳዋለች። ጠረጴዛው ላይ ሻይና ዳቦ አለ። ዳቦው እያነሰ ዋጋው እየጨመረ ስለመጣ፣ መሲ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ አንዱን ለሁለት ቆርሳ ነው የምታቀርበው። ይህን ሁሉም አይቷል። ራዕይ ሶፋው ጥግ ላይ ተኮራምታ ጥፍሯን ትበላለች። ዓይኗ አብጧል፤ ማታ ትራሷ ውስጥ ስታለቅስ በላይነሽ ሰምታታለች። ቺፑድ ለዚህም ቢሆን ታማኝ አይደለም።

«እኔ እሆናለሁ» አለች በላይነሽ እንደቆመች።

«ምን?» አሉ ወንድሟ።

«ዋስ። እኔ እሆናታለሁ።»

መሲ ባሏን አየች፤ ባሏ ስልካቸውን አዩ። «የመንግሥት ሠራተኛ ነው እኮ የሚፈልጉት፣ በላዬ» አሉ አቶ ተክለሃይማኖት በለሆሳስ፣ ሕፃን እንደሚያባብል ሰው። ራዕይ ጥፍሯን ከአፏ አውጥታ «ቋሚ ሠራተኛ ነው ያሉት አባ፤ የመንግሥት አላሉም» አለች። «እኔ እኮ እንዲያው ላስቸግርሽ ባልፈልግ ነው» አሉ አቶ ተክለሃይማኖት። ውሸት እንደሆነ አራቱም ያውቁታል፤ ግን ሁሉንም የሚያስታርቅ ውሸት ስለነበረ ማንም አልነካውም። በላይነሽ ግማሽ ዳቦዋን በሻይ ነክራ በልታ ወጣች። አሥራ ስምንት ማዞሪያ ደርሳ የታክሲ ሰልፍ ስትይዝ ፈገግ ማለቷ ታወቃት። አንድ ሰው ሰልፏን አልፎ ሲገባ እንኳ ዝም አለችው፤ እንዲህ ያለውን ሰው ዝም ብላ አታውቅም።

የምርት ቁጥጥር ረዳት ምን እንደሚሠራ ለሰው ማስረዳት ከባድ ነው። የሚታወቀው ሲጎድል ነውና። በላይነሽ ጠዋት ትገባለች፤ የማታው ፈረቃ ምን ያህል ጀሪካን፣ ምን ያህል ባልዲ እንዳወጣ ከየማሽኑ ትሰበስባለች፤ ታስቦ ከነበረው ጋር ታስተያየዋለች። ከዚያ መጋዘን ወርዳ ጥሬ ዕቃው ለነገ ይበቃ እንደሆነ ታያለች፤ ካልበቃ ለግዢ ትነግራለች፤ ግዢ ዶላር የለም ይላታል። ወደ ሽያጭ ሄዳ ደንበኛው ለሳምንት እንዲታገሥ አድርጉ ትላለች፤ ሽያጭ እሷ ዶላር የደበቀች ይመስል ይቆጣታል። ቀኑን ሙሉ ከአንዱ ለአንዱ ክፉ ወሬ ስትመላለስ ትውላለች። ሁሉም ነገር በሰዓቱ ሲደርስ የሚመሰገነው ሌላ ሰው ነው። እንዲያም ሆኖ ሥራውን ትወደዋለች። ዛሬም ደረጃውን ስትወጣና ስትወርድ እግሯ ቀለላት፤ ለምሳ ሰዓት ጥቂት ሲቀር ሥራዋን ለባልደረባዋ አደራ ብላ ወደ ሰው ኃይል ክፍል ሄደች።

የሰው ኃይል ኃላፊው ደሜ ከእሷ ጋር በአንድ ዓመት ነው የተቀጠረው። ያኔ የሰዓት ፊርማ ተቆጣጣሪ ነበር፤ በማታ ተምሮ ተምሮ ባለ በር ቢሮ ላይ ደረሰ። የእናቷ ልቅሶ ላይ ሦስት ቀን ድንኳን ውስጥ የተቀመጠ ሰው ነው። የዋስትና ደብዳቤ ለማጻፍ እንደመጣች ስትነግረው ሌላ ጊዜ ቢሆን «በይ ጋብዢኝ» ብሎ ያሾፍባት ነበር። አሁን ግን ከወንበሩ ተነስቶ በሩን ዘጋና «ተቀመጪ እስኪ» አላት። እዚህ ፋብሪካ ውስጥ ደሜ በር ዘግቶ ተቀመጪ ያላት ሴት ደህና ወሬ ሰምታ ወጥታ አታውቅም። በላይነሽ ይህን ስለምታውቅ የወንበሩ ጫፍ ላይ ብቻ ተቀመጠች።

«በላይነሽ፣ ከእኔ እንደሰማሽ አታውሪ» አለ። «ባለፈው ያስገቡትን ሲስተም ታውቂዋለሽ አይደል? ማሽኖቹ ራሳቸው እየቆጠሩ ኮምፒውተር ላይ ይልካሉ። መጋዘኑም እዚያው ላይ ገብቷል። አዲስ መዋቅር መጥቷል፤ የእናንተ መደብ እዚያ ውስጥ የለም። አንድ ዲግሪ ያለው ሰው ብቻ ነው የሚቀጥሩት። ደብዳቤው የሚመጣው ሳምንት ይደርሳችኋል።»

«ሦስታችንንም?»

«ሦስታችሁንም። ከሐምሌ አንድ ጀምሮ።»

መጀመሪያ የተሰማት ፍርሃት አልነበረም፤ እፍረት ነበር። የሰው ዕቃ ይዛ የተገኘች ያህል አፈረች። ቀጥሎ ንዴት መጣ፤ ባለቤቱ አዲሶቹን ማሽኖች ሲያስተክል በላይነሽ ናት ፋሲካን ፋብሪካ ውስጥ የዋለችው። ከንዴቱ በኋላ የመጣው ድካም ግን ሁለቱንም ዋጣቸው። ደሜ ሲስተሙ ሊበላሽ እንደሚችል፣ እንደገና ሊጠሯት እንደሚችሉ ያወራል። እሷ ግን ሲስተሙን ባለፈው ወር አይታዋለች። አይሳሳትም፤ እግሩን አያመውም፤ ከሽያጭ ጋር አይጣላም። ከእሷ ይሻላል። ሰው ቢተካት ኖሮ ያንን ሰው ትሰድበው ነበር፤ ለዚህኛው ግን ስድብ እንኳ አላገኘችም።

«የዋስትናው ደብዳቤስ?» አለችው።

ደሜ ጭንቅላቱን አከከ። ደንቡን ያውቃል፤ መደቡ ለታጠፈ ሰው ዋስትና መጻፍ ራሱን ሊያስጠይቀው ይችላል። በሌላ በኩል ደግሞ የእናቷን ድንኳን አስታወሰ መሰለኝ። «ዛሬ ሠራተኛ ነሽ» አለ። «ደብዳቤው የሚናገረው ስለ ዛሬ ነው። ነገ ስለሚሆነው ማንም አልጠየቀኝም። ግን አንቺ አስቢበት፤ ልጅቷ አንድ ነገር ብታጠፋ ወደ አንቺ ነው የሚመጡት፤ ያን ጊዜ ደግሞ የሚቆርጡት ደመወዝ አይኖርሽም።» በላይነሽ አሰበችበት። ራዕይ የሰው ብስኩት እንኳ የምትነካ ልጅ አይደለችም። ያሳሰባት እሱ አልነበረም። ባዶ እጇን ብትመለስ ምክንያቱን መናገር አለባት፤ ምክንያቱን ስትናገር ደግሞ ጠዋት በዚያ ስልክ ላይ የተባለው እውነት ይሆናል። «ጻፍልኝ» አለችው። ሲጽፍ ዓይኑን ከኮምፒውተሩ አላነሳም። ደመወዟ ጋ ሲደርስ ግን እጁ ትንሽ ዘገየ፤ ከአሥር ዓመት በላይ የተጨመረው ሁሉ ተደማምሮ፣ ብስኩት ፋብሪካው ለጀማሪዋ ራዕይ ከሚከፍላት ብዙም የራቀ አልነበረም።

የግማሽ ቀን ፈቃድ ወስዳ አየር ጤና ስትደርስ ራዕይ ከጋራዦቹ አጠገብ ቆማ ትጠብቃታለች። ሲያካፋ ስለነበር አስፋልቱ ዘይትና ጭቃ ለብሷል፤ ልጅቷ ለቃለ መጠይቅ የተገዛውን ጥቁር ጫማ እንዳይነካባት በእግሯ ጣቶች ጫፍ ቆማለች። ደብዳቤውን ስታይ አክስቷን ሰው ፊት አቅፋ ሳመቻት። ታክሲ ውስጥ ከኋላ ወንበር ላይ አራት ሆነው ተጣበቡ። ረዳቱ ታሪፉ ላይ አምስት ብር ጨምሮ ጠየቀና «ነዳጅ ጨምሯል፣ እኔን ነው እንዴ የምትጨቃጨቁት?» አለ፤ ሁሉም እያጉረመረመ ከፈለ። ራዕይ ግን ምንም አልተሰማትም፤ አፏ አላረፈም።

«እቴቴ፣ ሥራው ዕድገት አለው አይደል? ረዳት፣ ከዚያ ተቆጣጣሪ፣ ከዚያ ዕቅድ ክፍል፣ ከዚያ ኃላፊ። እንደዛ ነው አይደል?»

«አለው» አለች በላይነሽ። እሷ ረዳት ሆና ገብታ ረዳት እንደሆነች ነው። አንድ ጊዜ ተቆጣጣሪነቱ ሲከፈት ለሥራ አስኪያጁ የሚስት ወንድም ተሰጠ፤ ሁለተኛ ሲከፈት ዲግሪ ያስፈልጋል ተባለ።

«ኢንተርኔት ላይ ሳነብ ግን ሥራው እየቀነሰ ነው ይላል። ወደፊት ብዙ ሰው አይፈልግም ይላል። ያ የውጭ አገር ነው አይደል? እኛ ጋ ገና ነው አይደል?»

በላይነሽ በመስኮቱ አሻግራ አየች። መናገር ያለባት አሁን እንደሆነ ታውቋታል። ልጅቷ መሐንዲስ ናት፤ ብትነግራት ይገባታል፤ ምናልባትም የተሻለ ነገር ትፈልግ ነበር። ግን ደግሞ ሁለት ዓመት ሙሉ ከሶፋ ጥግ ያልተነሳች ልጅ ዛሬ ጫማዋን ጭቃ እንዳይነካው ስትሳሳለት አየቻት። «እኛ ጋ ሁሉም ነገር ዘግይቶ ነው የሚመጣው» አለቻት። ይህም ቢሆን ውሸት አይደለም ብላ ራሷን አጽናናች። ራዕይ ራሷን አክስቷ ትከሻ ላይ አስደገፈች። በላይነሽ ቀሪውን መንገድ ትከሻዋን ሳታንቀሳቅስ ተጓዘች።

ፋብሪካው ከሩቅ ይሸታል፤ የሚሸተው ብስኩት ስለሆነ ግን ሰፈሩ አይማረርም። የሰው ኃይል ክፍሉ ጸሐፊ ሄቨን የምትባል፣ ከራዕይ ብዙም የማትበልጥ ልጅ ናት። ደብዳቤውን ከላይ እስከ ታች አነበበች፣ ማኅተሙን አየች፣ የበላይነሽን መታወቂያ ከፊቷ ጋር አስተያየች። «የዋሱን ግዴታ ላንብብልዎት» ብላ በአንድ ትንፋሽ አነበነበችው፤ ተቀጣሪዋ ለምታደርሰው ጥፋት ዋሱ ይጠየቃል፤ ዋሱ ሥራ ከለቀቀ አስቀድሞ ያሳውቃል፤ ተቀጣሪዋም ምትክ ዋስ ታቀርባለች። «ተስማምተዋል?» አለች። በላይነሽ አዎ አለች። ድምፅዋ ደህና ወጣ። ሄቨን ራዕይን ለባጅ ፎቶ ተነሺ ብላ ወደ ሌላ ክፍል ላከቻትና ወደ ኮሪደሩ አንገቷን አውጥታ ጮኸች። «ጋሽ ኑሕ! አንዴ ይምጡ፣ ምስክር ይፈርሙልን!»

የገቡት ሰው ነጭ ጋዋን የለበሱ፣ ፀጉራቸው ገብስማ የሆነ ቀጭን ሰው ናቸው። ሄቨን ስልክ ተጠርታ ስትወጣ፣ ብዕሩን አንስተው ወረቀቱን ማንበብ ጀመሩ፤ ሳያነቡ ከሚፈርሙት ወገን አልነበሩም። የሥራ መደቡ ጋ ሲደርሱ ቆም አሉ።

«ልጅሽ ናት?» አሏት።

«የወንድሜ ልጅ ናት።»

«ጎበዝ ትመስላለች። የእኔን ቦታ ነው የምትይዘው።» ይህን ሲሉ ቂም አልነበረባቸውም፤ ዝናቡ ሊመጣ ነው የሚል ሰው ድምፅ ነበር። «ሦስት ነበርን። ሁለቱ ሄዱ። እኔን ሥራውን አሳይተሃት ውጣ ብለውኝ ነው የቆየሁት። አንቺስ የት ነው የምትሠሪው? ምርት ቁጥጥር ነው ይላል እኮ ደብዳቤሽ።»

በላይነሽ ለወንድሟ ያልነገረችውን፣ ለራዕይ ያልነገረችውን፣ ለማታውቃቸው ሰው ተናገረችው። «እኔም ጠዋት ነው የሰማሁት። ከሐምሌ በኋላ እኔም የለሁም።» ስትጨርስ እንባዋ መጣ፤ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው። አቶ ኑሕ ወረቀቱን እንደገና አዩት። የያዙት ወረቀት ምን ዓይነት ወረቀት እንደሆነ አሁን ገብቷቸዋል፤ ሄቨንን ቢጠሯት ነገሩ እዚያው ያበቃል። የገዛ እንጀራቸውን ለወሰደችው ልጅ ዝም የሚሉበት ዕዳ የለባቸውም። በላይነሽ ፊታቸውን ታየዋለች። ቢናገሩ እንኳ እንደማትቀየማቸው ታወቃት።

«ምስክርነቴ ፈርማለች ብዬ ነው» አሉ። «ትከፍላለች ብዬ አይደለም።» ጎንበስ ብለው ፈረሙ። ወዲያው ራዕይ ባጇን አንገቷ ላይ አጥልቃ እየሳቀች ገባች። አቶ ኑሕ ሰኞ ሁለት ሰዓት እንድትመጣና ጫማዋን በዝቅተኛ እንድትቀይር ነገሯት። «አለቃዬ እርስዎ ነዎት?» አለቻቸው በአክብሮት ጎንበስ ብላ። «እስከ ወሩ መጨረሻ» አሏት። ራዕይ የዓመት ዕረፍት የሚወጡ መስሏት «መልካም ዕረፍት» አለቻቸው፤ እሳቸውም አመሰገኗት።

ማታ መሲ ጥብስ ሠርታ ጠበቀቻቸው። የአንድ ኪሎ ሥጋ ዋጋ ሺህ ብር ካለፈ ወዲህ ያ ቤት ከበዓል ውጪ ጥብስ ሸትቶት አያውቅም። አቶ ተክለሃይማኖት ኮታቸውን ለብሰው ተቀምጠዋል። በላይነሽ እንደልማዷ በር ጥግ ካለችው ዱካ ላይ ልትቀመጥ ስትል ክንዷን ይዘው ከጎናቸው ሶፋው ላይ አስቀመጧት። የመጀመሪያውን ጉርሻ ያጎረሱት ለልጃቸው ሳይሆን ለእሷ ነው። «የእናታችን ልጅ!» አሉ። «እኔ በየሰው በር ስንከራተት ዋሱ ለካ እቤቴ ነው ያለው! እግዚአብሔር ዕድሜ ከጤና ይስጥሽ፣ ቀና ያድርግሽ፣ ወንበርሽ አይነቃነቅ!» አሜን ተባለ። በላይነሽም አሜን አለች። ሥጋው ጥሩ ነበር። ደስ ብሏት ነበር፤ ይህን መካድ አይቻልም። ከስንት ዓመት በኋላ በዚያ ቤት ውስጥ ሰው ሆና ተቀመጠች፤ ደስታው ለሰኔ ብቻ መሆኑን ከእሷ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ይህን ሰኔ ብቻ ልኑረው አለች በሆዷ። ከዚያ በኋላ ያለውን ከዚያ በኋላ አያለሁ።

ራት ሳይነሳ በሩ ተንኳኳና የጎረቤታቸው እትዬ ወርቅዬ በፌስታል ለስላሳ ይዘው ገቡ። እትዬ ወርቅዬ በወጣትነታቸው ከጉራጌ አገር መጥተው፣ ከማዞሪያው አጠገብ የከፈቷትን የእህል ሱቅ ሁለት ሱቅ ያደረጉ ሴት ናቸው። ሰፈሩ ውስጥ ከእሳቸው ያልተበደረ የለም። «እሰይ ልጄ፣ እሰይ!» ብለው ራዕይን አገላብጠው ሳሙ። ከተቀመጡ በኋላ ግን ዓይናቸውን ከበላይነሽ ላይ አላነሱም። ነገራቸው ወዲያው ወጣ። ልጃቸው አማኑ ዘነበወርቅ አካባቢ ያለ የመድኃኒት አስመጪ ዘንድ የመጋዘን ሥራ አግኝቷል፤ እሱም ዋስ አምጣ ተብሏል። «ሱቄ ሙሉ እህል አለልህ አልኳቸው። ንግድ ፈቃዴን አሳየሁ። ደመወዝ የለሽም አሉኝ! ሰማችሁ? እኔን፣ ወርቅዬን፣ ደመወዝ የለሽም!» ሁሉም ሳቁ። እሳቸው ራሳቸው ሳቁና ድንገት ሳቃቸውን ገቱ። «እና መሲ ስትነግረኝ…»

«ታዲያ ይሄም ችግር ሆነና ነው!» አሉ አቶ ተክለሃይማኖት። ደረታቸው ተነፋ። ዕድሜ ልካቸውን ከእትዬ ወርቅዬ ሱቅ በዱቤ ሲወስዱ ኖረው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰጡት ነገር አገኙ። «በላዬ አለች አይደል እንዴ! ነገ ጠዋት ታጽፍላችኋለች። አለቀ!»

«አይሆንም» አለች በላይነሽ።

እትዬ ወርቅዬ ፌስታሉን አቀፉ። አቶ ተክለሃይማኖት እህታቸው ሰው ፊት ስትመልስላቸው ሰምተው ስለማያውቁ፣ መጀመሪያ በደንብ ያልሰሙ መሰላቸው። «ምን አልሽ?» አሏት። «ልጁን እኮ ታውቂዋለሽ። እዚህ ነው ያደገው። ዘመድ ማለት ምን ማለት ነው ታዲያ?» ፊታቸው ቀላ። አሁን ያጎረሷት እጅ ጉልበታቸው ላይ ተጨበጠ። በላይነሽ እትዬ ወርቅዬን አየቻቸው። ለራዕይ ስትፈርም የዘመድ ነገር ነው ብላ ራሷን አታልላ ነበር፤ ይህን ብታደርግ ግን ጎረቤት ማታለል ይሆናል። በዚያ ላይ ደክሟታል። አንድ ቀን ሙሉ ምስጢር መሸከም ከጀሪካን ይልቅ ይከብዳል።

«ጋሼ፣ ከሐምሌ ጀምሮ ሥራ የለኝም» አለች። «መደባችን ታጥፏል። በማሽን ተክተውናል። ዛሬ ደብዳቤውን ሳጽፍ ነው የነገሩኝ።»

መሲ «ኧረ በማርያም!» ብላ አፏን ያዘች። እትዬ ወርቅዬ ከንፈራቸውን መጠጡ። አቶ ተክለሃይማኖት የተጨበጠውን እጃቸውን ቀስ ብለው ፈቱት፤ እህታቸው ጀርባ ላይ ሊያደርጉት አነሱትና የት እንደሚያሳርፉት ጠፋቸው። ትኩስ የነበረው ጥብስ ሰሃኑ ላይ መርጋት ጀምሯል። ከዚያ ራዕይ፣ ባጇን እስካሁን ከአንገቷ ያላወለቀችው ልጅ፣ ቀና ብላ በቀጭን ድምፅ ጠየቀች።

«የእኔስ ዋስትና?»

«አንቺ!» ብላ መሲ ጭኗን ቆነጠጠቻት።

በላይነሽ ግን አልተቆጣችም። ልቧ አልተሰበረም ማለት አይደለም፤ ተሰብሯል። ግን ጥያቄውን ታውቀዋለች። ማሽን ሲሰበር፣ የጭነት መኪና ሲገለበጥ፣ መጀመሪያ «የነገው ትዕዛዝስ?» ብላ የምትጠይቀው እሷ ነበረች። አንድ ጊዜ የአንድ ሠራተኛ ጣት ተቆርጦ ሰዎች ተሸክመውት ሲሮጡ፣ ከኋላቸው «ማሽኑን ማን ይይዝለታል?» ብላ ጮኻለች፤ አለቃዋም ለዚያ አመስግኗታል። ልጅቷ ለሥራው የተፈጠረች ናት።

«ያንቺ እስከ ወሩ መጨረሻ ይቆያል» አለቻት። «ሰኞ ገብተሽ ሥራሽን ጀምሪ። ጋሼ፣ እስከዚያ ሌላ ሰው ይፈልጉላት።»

አቶ ተክለሃይማኖት ከኮታቸው ኪስ ስልካቸውን አወጡ። ራዕይ ማልቀስ ጀመረች፤ ለአክስቷ ይሁን ለራሷ የለየችው አትመስልም ነበር፤ በላይነሽም አልጠየቀቻትም።